መሪው ላይ ያላሰርሁት ጨርቅ

ሊይዙኝ ሲመጡ እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነበር። በማስተምርበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ጋራዥ ውስጥ የአንድ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ሞተር አጥቤ፣ እስኪደርቅ ድረስ መፍቻዎቼን እየወለወልሁ ሳጥናቸው ውስጥ እደረድር ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለኝ አንደኛው። እጄን ልታጠብ ብል ጊዜ የለም አሉኝ፤ ሁለተኛው ግን ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጠኝ። ነጭ መሐረብ ነበር። ስለዚያ ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱን ማበላሸቴ ነው።

ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነበር። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ነው የረዘመው።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው፤ ከደብረ ታቦር ከተማ ዳር። ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወሩ ሰኔ ስለነበር ዝናቡ ሲጀምር አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ክርክር የሚባል ነገር አልነበረንም። ወደ ሠላሳ እንሆናለን። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አላስቀምጥ ስላለን ጆንያ ተወትፎባታል። ብርሃንም አየርም የምናገኘው ከበሩ ሥር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋራዥ ውስጥ ጥዬው የመጣሁት ነገር ትዝ ብሎኛል። ያንን ሞተር ከማጠቤ በፊት ውኃ እንዳይገባው መተንፈሻ ቱቦውን በእንጨት ውታፍ ደፍኜው ነበር። ሲደርቅ ላወጣው ነው። አንድ ሰው ያየዋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ከዚያ ስለ ልጆቼና ስለ ራሴ ስጨነቅ ውታፉ ከሐሳቤ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቅዳሜ የሚፈቱትን ሰዎች ስም አነበበ። አራት ነበርን፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ወሬው ደርሷት ኖሮ ከምሳው ጋር አዲስ ሸሚዝ ላከችልኝ። ሰማያዊ ነው። ምስማር ላይ ሰቀልሁት፤ እስኪመሽ ድረስ ስንት ጊዜ ዞር ብዬ እንዳየሁት እኔው ነኝ የማውቀው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ረዥም ናቸው፤ ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቧል፤ ሸሚዛቸው ከደረቱ ላይ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። ያን ዘይት ሳይ ልቤ ደስ አለው፤ የሙያዬን ሽታ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ተነሥተን ቦታ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ቀና ብለው መስኮቷን አዩ።

«ይኸን ጆንያ ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ከሐሙሲት የመጣው ቅቤ ነጋዴ። «ብርዱ እኮ ይገላል።»

«ብርዱስ ይገላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ይኸኛው ይፈጥናል» አሉና በቁመታቸው ተንጠራርተው ጆንያውን ጎትተው አወጡት። ቀዝቃዛ አየር ፊታችን ላይ ወረደ። ዘወር ብለው ሁላችንንም አዩን፤ የሠላሳ ሰው ላብ መክረሙ ያን ጊዜ ነው ለእኛም የገባን። አፈርን።

«ሞተርም እንዲሁ ነው» አሉ እየተቀመጡ። ሾፌር መሆናቸውን ያወቅነው በዚህ ነው። «የሚነደው ነገር ሁሉ በጭስ ማውጫው አይወጣም። ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ፣ በቀለበቱ ማለቴ ነው፣ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። የአሁኖቹ መኪኖች መልሰው ይውጡታል አሉ፤ እኔ አላውቃቸውም። የድሮው ግን አንድ ቱቦ አለው፤ ከጎኑ ወደ መሬት የወረደ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ከታች ይስብለታል። ቆሞ ሲሠራ ደግሞ እንደኔ ቱፍ ቱፍ ይላል።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ተማሪዎቼን ይህን ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ሥዕል ነበር የምስለው።

ነጋዴው ጉልበታቸው ሥር ተጠጋ። «አባባ፣ ዛሬ እኮ የገበያችን ቀን ነው። እስቲ ከሐሙሲት አሳፍሩንና እስከዚህ አምጡን።»

አላቅማሙም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው እጃቸውን ትልቅ መሪ እንደያዘ ሰው ዘረጉ፤ ያ መሪ የሌማት ክዳን ያህል ይሆናል። ሐሙሲት ላይ ሚኒባሶቹን እየተሳደቡ ወጡ። ጉማራ ድልድይ ላይ ማርሽ ቀነሱ። ፎገራ ሜዳው ላይ መስኮት አውርዱ አሉን፤ ሩዙ ውኃ ይዞ ያበራል አሉ። ወረታ ደርሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የምር ወደ ግራ ያዘነበሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነኝ። የሞተሩን ድምፅ በጉሮሯቸው ያወጡታል፤ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዳገት ላይ ሌላ። አባቴ እንደሱ ያለ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነበር ያሳደገኝ። ማታ ማታ ሲገባ ልብሱ ላይ የነበረው ሽታ፣ ናፍታና አቧራ፣ በዚያ መጋዘን ውስጥ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ነበር።

አለም በርን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። እጃቸውን ከሌለው መሪ ላይ አወረዱ።

«እዚህ ነው የቆመችብኝ» አሉ።

«ማን?» አለ ነጋዴው።

«መኪናዬ ናታ። ባዶዋን ስወርድ እምብዛም አላስቸገረችኝም፤ ከባሕር ዳር ማዳበሪያ ጭኜ ስመለስ ነው። የገበሬው ዘር በእጁ፣ ማዳበሪያው በኔ ጀርባ። ሐሙሲት ላይ ሳያት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጥቷል። መልሼ አስገባሁት፤ ጉማራ ላይ ደግሞ ወጣ። ወረታ ዘይት ሞላሁ። ዳገቱን ስይዝ ዘይቱ ከኋላ ፈንቅሎ ፍሪሲዮኑን አጠጣው፤ መንሸራተት ጀመረች። ወርጄ ከሥሯ ገባሁ፤ ይኸው ደረቴ። ሆዷን የነፋት ነገር አለ፤ ምን እንደሁ ግን አላገኘሁም። ጥቂት ልሂድ፣ ከመንገድ ልውጣ ስል ሞተሩ ዘይት አልቆበት ያዘ፤ አልዞርም አለ። ማዳበሪያው ሁለት ቀን ዝናብ መታው። ሆን ብለህ ነው፤ ገበሬውን ለማስከፋት ነው አሉኝ።»

ቱቦው ከሞተሩ ኋላ ተደብቆ ይወርዳል። ጫፉ በጭቃ ተለብጦ ከሆነ ውታፉን ማንም አያየውም። ይህን እያሰብሁ ሳለ እሳቸው ቀጠሉ።

«ለቅሶ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ታጥባ ወጥታለች ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። መሪዬን አየሁ። ጨርቅ የለም። የተማረ እጅ ነክቷት፣ ጨርቅም ሳይኖር፣ ምኑን ልጠራጠር?»

ነጋዴው የምን ጨርቅ እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸው ነገሩት፤ እኔም እዚሁ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ጋራዦች መካኒክ አንድ ነገር ፈትቶ ወይም ደፍኖ ሳይጨርስ ከመኪናው የሚርቅ ከሆነ መሪው ላይ ጨርቅ ያስራል። ያ ጨርቅ እያለ ሾፌር ቁልፍ አያዞርም። የሚፈታው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ግን የሚጥሰው ሰው አላየሁም። እኔ ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህን ነው፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ያን ቀን ግን አላሰርሁም። የትም አልሄድማ፤ እዚያው ከመኪናው ጎን ቆሜ ነበር።

ያን ቀን አልተናገርሁም። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ ይሻለኛል። ሸሚዙን እያየሁ ዝም አልሁ። ሽማግሌው ከጎኔ ተኙ፤ ከጋቢያቸው ግማሹን እኔ ላይ ጣል አደረጉብኝ። መስኮቱ ስለተከፈተ ብርድ ነበር።

ዓርብ ጠዋት መርማሪው አስጠራቸው። ሲመለሱ ትከሻቸው ወርዷል። ሰኞ ወደ ባሕር ዳር እንደሚወስዷቸውና ክሱ ከባድ እንደሆነ ነግረዋቸዋል።

«እስሩስ ይሁን» አሉ። «ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አርባ ዓመት ነድቼ ሞተር ገዳይ፣ የገበሬ ጠላት ይበሉኝ? ልጆቼ ይኸን ይስሙ?»

ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልሁም። «ጋሼ፣ መተንፈሻው ተደፍኖ ነው» አልኋቸው። «የደፈንሁት እኔ ነኝ። ላጥባት ብዬ ነው። ሳላወጣው ያዙኝ።»

እሳቸው ዞረው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ደስታዬ ነበር።

«በምን ደፈንከው?» አሉ።

«በወይራ ውታፍ። ጎማ ጠቅልዬበት።»

«ጥብቅ አድርገህ?»

«ጥብቅ አድርጌ።»

«አዬ ልጄ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምነው ትንሽ ሰነፍ ብትሆን! ላላ ቢል ኑሮ ገና ሐሙሲት ሳልደርስ ተስፈንጥሮ ይወድቅ ነበር።»

ነጋዴው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው ነገ ውጣና ከውጭ ተናገር። ሸሚዝህ ተሰቅሏል፤ ሚስትህ ትጠብቅሃለች። እኔን እስከ ሰኞ አይወስዱኝም።»

መልካም ምክር ነበር። ሌላ ሰው ቢሰጠኝ እቀበለው ነበር። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ቤቴ ገብቼ፣ ልጆቼን አቅፌ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ እንደገና በዚያ በር በእግሬ ተመልሼ የምመጣ ሰው አይደለሁም።

«ከወጣሁ አልናገርም ጋሼ» አልኋቸው።

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ሰበሩ። ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ በዝቶበታል። የምለውን ሲሰማ እስኪርቢቶውን አስቀመጠ።

«ሞተር ይተነፍሳል ነው የምትለኝ?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አነሣሁ። ክዳኑን ከፍቼ ጨመቅሁት፤ ትንፋሹ ወጣ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ እንዲጨምቀው ሰጠሁት። ጨመቀ፤ አልጨመቅ አለው። «ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል» አልሁት። «ሞተር ሲሆን ዘይቱን ይዞ በደካማው ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። ሾፌሩ ምንም አላደረጉም። መኪናዋ አሁን ያለችበት ሂዱ፤ ከሞተሩ ኋላ ወደ መሬት የወረደ የክንድ ያህል ቱቦ አለ፤ ጭቃውን ጠርጋችሁ እዩት። ውታፉን እኔ ነኝ የጠረብሁት።»

«ሆን ብለህ?»

«ረስቼ።»

«መምህር ነህ። መምህር እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?»

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ ተብዬ ነው የወጣሁት» አልሁ።

ፕላስቲኩን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። «ነገ ትወጣ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ አልሁት። ጽፎ አስፈረመኝ። ፈርሜ ወደ ክፍሉ ተመለስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛው መጥቶ ስም ጠራ። የእኔ ስም አልነበረም። በቦታው የሽማግሌው ስም ተጠራ። ውታፉን አግኝተውታል፤ ዘበኛው ራሱ ነው የነገረን፤ አንድ ሰው በመዶሻ እየመታ እንዳወጣው ሲናገር ሽማግሌው በኩራት አዩኝ።

ሸሚዙን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋቸው። እንቢ አሉ። «እንደዚህ ዘይት ለብሰው ቢወጡ ሰው ጥፋተኛ ይልዎታል ጋሼ። እኔ እዚህ ለማን እለብሰዋለሁ?» አልኋቸው። ለበሱት። እጅጌው አጠራቸው። ቢሆንም አማረባቸው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የጋቢያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ተረተሩና ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ቀደዱ። ከበሩ ውስጠኛ ብረት ላይ ጠምጥመው አሰሩት፤ ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

«ምንድን ነው ደግሞ ይኸ?» አለ ዘበኛው።

«ሥራው አላለቀም ማለት ነው» አሉት። «አደራህን እንዳትነካው። የሚፈታው ያሰረው ነው።»

ዘበኛው ምናልባት ረዳት የነበረ ዘመድ ነበረው፤ ወይም ነገሩ አሳቀው፤ አላውቅም። አልነካውም። ሐምሌም ነሐሴም እዚያው ነበር። ዘበኞች ተቀየሩ፤ አንዱ ለሌላው ሲነግር እሰማለሁ። ነጋዴው ተፈትቶ ሲወጣ በጣቱ ነካ አድርጎት አለፈ። እኔ በከፋኝ ቀን ሁሉ እሱን አየዋለሁ። ከውጭ እኔን ለማስፈታት የሚደክም ሰው ሥራውን ሳይጨርስ እንዳለ ያስታውሰኛል፤ እንቅልፍ የሚወስደኝም በዚያ ነበር።

የተፈታሁት መስቀል አልፎ ነው። በሩ ሲከፈት ከባለቤቴ ጎን ሽማግሌው ቆመዋል። ሰማያዊው ሸሚዝ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ አለ። መጀመሪያ ግን ወደኔ አልመጡም። ዘበኛውን አስፈቅደው ወደ በሩ ገቡና ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ዝናቡ አጥብቆት ኖሮ እንቢ አላቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ማንም አላገዛቸውም፤ እኔም አላገዝኋቸውም። ሲፈታላቸው ጨርቁን አጣጥፈው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

«አሁን አልቋል» አሉ። ከዚያ አቀፉኝ።

ያቺን መኪና ከተማሪዎቼ ጋር ፈትተን ፋሻዋን ቀይረን፣ ሞተሯን እንደገና ሠራነው። አሁን ጋይንት ትመላለሳለች፤ የሚነዳት ሌላ ሰው ነው። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ይመጣሉ፤ ወንበር አወጣላቸዋለሁ። መኪናዋ ካለች አስነሥቼ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ቱቦዋ ከሥር ቱፍ ቱፍ ትላለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አብረን ሐሙሲት፣ ጉማራ፣ ፎገራ እንላለን። ያን መጋዘን ናፈቀኝ ብል ሰው አብዷል ይለኛል፤ ያን ከሰዓት በኋላ ግን ይናፍቀኛል።

የጋቢው ቁራጭ በመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከመኪና ሥር ወጥቼ እጄን ለመታጠብ እንኳ ስሄድ መሪው ላይ አስረዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ባለፈው ሳምንት የአንድ መኪና መተንፈሻ ደፍኜ እያጠብሁ ሳለ፣ የማላውቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሙሉ ስሜን ጠራ። የልጁን ማስረጃ የሚፈልግ ወላጅ ነበር፤ ያን ግን በኋላ ነው ያወቅሁት። እጄ ዘይት ነበር። ልቤ እየመታ ሳጥኑን ከፈትሁ፣ ጨርቁን አወጣሁ፣ መሪው ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠርሁት፤ ከዚያ ዞሬ «አቤት» አልሁ።